ኡስታዝ ስለሆነም

የከተማዋን ስም አልናገርም። ሰዎቹ በሕይወት አሉ፤ እርስ በርስ ሲሳሳቁ ይውላሉ እንጂ የውጭ ሰው ሲስቅባቸው አይወዱም። እኔም ውሃቸውን የጠጣሁ ሰው ነኝና ማስቀየም አልፈልግም። ጋሽ ወንዝ ዳር፣ ከከሰላ በጭነት መኪና የግማሽ ቀን መንገድ ናት ማለት ይበቃል። ያላት ፍርድ ቤት አንድ ነው። ከፍርድ ቤቱ በር ፊት ያለው የኒም ዛፍም አንድ ነው። ከዛፉ ሥር፣ በቀኝ በኩል ራፖር ጸሐፊው ኦሼክ ትንሿን ጠረጴዛውን ዘርግቶ ይቀመጣል፤ በግራ በኩል ደግሞ በኺታ ሻይ ታፈላለች። ነገሩ ሁሉ የተፈጸመው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ባለችው ሦስት ክንድ መሬት ላይ ነው።

ኦሼክ ሃምሳ ሁለት ዓመቱ ነው። ቀጭን፣ ረዥም፣ በጋ ከክረምት ጥቁር ሰደርያ የማያወልቅ ሰው ነው። ሌላው የሐደንደዋ ጎሣ ወንድ በጎፈሬው ላይ የእንጨት ሚዶ ሲሰካ እሱ እስክሪብቶ ይሰካል። አፉ ሲከፈት ለጉድ ነው። የጠፋ ግመል ታሪክ የጀመረ እንደሆነ ሰው ሻዩ እጁ ላይ ይቀዘቅዛል፤ እዚህ ጋ ያሳጥራል፣ እዚያ ጋ ያስረዝማል፣ መካከል ላይ «እና ግመሉ ምን ያለው ይመስላችኋል?» ብሎ ይጠይቅና መልሱን ሳይነግር ሻዩን ፉት ይላል። እስክሪብቶውን ከጎፈሬው ነቅሎ ወረቀት ላይ ያጎነበሰ እንደሆነ ግን ያ ሰውዬ ይጠፋል። የመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር «ስለሆነም» ብሎ ይጀምራል። ሁለተኛውም «ስለሆነም» ነው። ሦስተኛውም ያው ነው፤ እስከ ፊርማው ድረስ እንደዚያው ነው።

ቃሏ በዐረብኛው «ወዐለይሂ» ናት፤ እኛ «ስለሆነም» የምንላት። እሷን ያወረሰው ጽሕፈት ያስተማረው የሱዋኪኑ ሼኽ ጣሂር ነው። «ልጄ ሆይ» ብሎታል አሉ፣ «ማመልከቻ ማለት የግመል ቅፍለት ነው። እያንዳንዱ ግመል ከፊተኛው ጭራ ጋር ካልታሰረ በረሃ ላይ ይጠፋል። ገመዷ ይቺ ናት።» ኦሼክ ምክሩን ሰምቶ ሁሉንም አሰረ። ቀዳሚውን ግመል ሳይቀር አሰረው፤ ከማን ጭራ ጋር እንደሆነ አላህ ይወቅ። የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ እንዲሉ፣ ይኸው ለሃያ ስምንት ዓመት አንድ ግመል ሳይፈታ ኖረ።

የከተማው ሰው ኡስታዝ ስለሆነም ይለዋል። እሱም ለምዶት «አቤት» ይላል። አንድ ጊዜ ፖርት ሱዳን ወደብ ላይ ለሚሠራ ሰው ወንድሞቹ የመርዶ ደብዳቤ አስጻፉት። «ስለሆነም ሰላምታችን ይድረስህ። ስለሆነም አባታችን ሞተዋል። ስለሆነም እኛ ደህና ነን» ይላል። ሰውየው ከማልቀሱ በፊት፣ አባቴን የገደለው ሰላምታው ነው ወይስ ሌላ ነገር ብሎ ግማሽ ሰዓት ያህል ተቀምጦ አሰበ ይባላል።

ለራሱ የጻፈው ግን ከዚህ የባሰ ነው። በሃያ ስድስት ዓመቱ ሐሊማ የምትባል ልጅ ወዶ ነበር። ለአባቷ ለኦኪር በገዛ እጁ ጻፈ፦ «ስለሆነም ጥያቄዬን አቀርባለሁ። ስለሆነም ልጅዎን ሐሊማን እፈልጋለሁ። ስለሆነም መልስዎን በአሥር ቀን ውስጥ ያሳውቁኝ።» ኦኪር በዚያ ሰሞን በውሃ ጉድጓድ ምክንያት ከጎረቤቱ ጋር ይካሰስ ነበር። አንባቢ ፈልጎ ቢያስነብብ የፍርድ ቤት መጥሪያ ሆኖ ተሰማው። «ጉድጓዱ አልበቃቸው ብሎ ልጄንም በመያዣ ሊወስዷት ነው!» ብሎ ቤተሰቡንና ፍየሎቹን ይዞ ጋሽን ተሻገረ፤ ሦስት ወር ሙሉ ተደበቀ። ሲመለስ ሐሊማ አብራ አልተመለሰችም፤ እዚያው ማዶ አግብታለች። ከዚያ ወዲህ ኦሼክ ለራሱ ጉዳይ እስክሪብቶ ነቅሎ አያውቅም። ሲጠይቁት ይስቃል፤ ሳቁ ግን ከጥርሱ አያልፍም።

አሁን ወደ ነገራችን እንምጣ። አንድ ማክሰኞ ጠዋት የፍርድ ቤቱ ችሎት አስከባሪ ሐምዳን፣ ሆዱን አስቀድሞ ወረቀቱን አስከትሎ ከበሩ ወጣ። ሐምዳን ሆደ ቡቡ ሰው ነው፤ ክፉ ወሬ የያዘ ቀን መጀመሪያ በኺታ በዘይት የምትጠብሰውን ዘላብያ ይበላል። የዚያን ቀን አራት በላ።

«ሐምዳን፣ ምን ሆነሃል?» አለችው በኺታ። «አምስተኛውን ከበላህ የሞተ ሰው አለ ማለት ነው።»

«ማንም አልሞተም፣ እህቴ። አጥር ነው።»

«የምን አጥር?»

ወረቀቱን ዘርግቶ አነበበው። ፍርድ ቤቱ አጥር ሊታጠርለት ነው። አጥሩ በኒሙ ላይ ያልፋል፤ ኒሙ ይቆረጣል። ራፖር ጸሐፊው በረንዳው ላይ እንዲቀመጥ ተፈቅዷል። «ከበሩ ፊት ሻይ የሚሸጡ ሁሉ» ደግሞ እስከ ሐሙስ ቀትር ድረስ ወደ ከብት ገበያው ጀርባ ይዛወሩ ይላል። «ሁሉ» ያሏት በኺታን ናት፤ ሌላ ሻይ ሻጭ የለም።

በኺታ ማንኪያውን አስቀመጠች። ባሏ ከሞተ ጀምሮ አሥራ አንድ ዓመት እዚህ ተቀምጣለች። አንዲት ልጇ ገዳሪፍ አግብታ ሄዳለች፤ የቀራት ምድጃዋ፣ ብርጭቆዎቿና ይህ ጥላ ነው። ከከብት ገበያው ጀርባ ደግሞ ምን እንዳለ ሁሉም ያውቃል፤ ፀሐይና ዝንብ ነው ያለው።

ኦሼክ ወደ በረንዳው ዞሮ አየ። በረንዳው ላይ ጥላ አለ፣ ንፋስም አለ። በኺታ ግን የለችም። ይህን ሲያስብ፣ ለአሥራ አንድ ዓመት ሻይ ነው የምወደው እያለ ራሱን ሲያታልል መኖሩን ያን ጊዜ አወቀው። በሃምሳ ሁለት ዓመት ይህን ማወቅ ያሳፍራል። እሱም አፈረ።

«ማመልከቻ እንጽፋለን» አለ፣ እስክሪብቶውን ነቅሎ። «ዳኛው መውላና ዘንድ በጽሑፍ ከቀረበ አጥሩን ማዞር ይችላል።»

ሐምዳን አምስተኛውን ዘላብያ አነሳ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዳኛው መውላና ሲር አልኸቲም ከመጣ ሦስት ወሩ ነው። ዳኛ ከመሆኑ በፊት ሰዋስው አስተማሪ ነበረ፤ አሁንም ቀይ እስክሪብቶ ከኪሱ አይጠፋም። የኦሼክን ጽሑፎች እንቅልፌን ያመጡብኛል ብሎ ሲያማርር ከርሟል። አንድ የእርሻ ወሰን ጉዳይ እንዲያውም፣ ችሎት ላይ ጮክ ብሎ እያነበበ ሳለ፣ ስድስተኛው «ስለሆነም» ላይ አገጩ ደረቱ ላይ ወድቋል። ከሳሽና ተከሳሽ እንዳይቀሰቅሱት ተጠቃቅሰው ቀስ ብለው ወጡና ውጭ ታረቁ።

ኦሼክ ያን ቀን ከጠዋት እስከ ቀትር ጻፈ፤ ላቡን እየጠረገ፣ ከንፈሩን እየነከሰ። እንዲህ ተጠንቅቆ ጽፎ አያውቅም። ሐምዳን ወረቀቱን ይዞ ገባ፤ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ተመለሰ። ከግርጌው በቀይ ተጽፏል።

«አንብበው» አለች በኺታ።

«ተይው ይቅርብሽ።»

«አንብበው አልኩ!»

ሐምዳን ጉሮሮውን ጠረገ። «'አንዲቱን ቃል ሃያ ሦስት ጊዜ ቆጠርኩ። ከዚያ በኋላ ተኛሁ። ሰው የጻፈው ሲመጣ አነባለሁ።' ይላል።»

ከዛፉ ሥር የተቀመጠው ባለጉዳይ ሁሉ ሳቀ። በኺታ አልሳቀችም። ወደ ኦሼክ ዞረች። «ለእኔም ይቺኑ? ለግመል ሌባው የጻፍካትን፣ ለአህያው ሽያጭ የጻፍካትን፣ ለእኔም ይቺኑ?»

«እኔ እኮ…»

«ቅድም ስለ ግመሉ ስታወራ አፍህ እንደ ጋሽ ጎርፍ ይሄድ ነበር። እጅህ ምን ሆኖ ነው? ሽባ ነው?»

አንድ ባለጉዳይ ገባ አለና፣ «ከገበያው ዘንድ ሌላ ጸሐፊ አለ አይደል? እሱ ጋ ሂጂ» አላት። በኺታ በእጇ አባረረችው። «አሥራ አንድ ዓመት ሻዬን የጠጣው ይሄ ነው። ነገሬን የሚያውቀው ይሄ ነው። መጻፍ አለመቻሉ የራሱ ጣጣ ነው፤ ይወቅበት።»

የቸገረው እርጉዝ ያገባል። ኦሼክ ያን ከሰዓት አንድ ዘዴ አመጣ። ከበኺታ ባዶ የስኳር ቆርቆሮ ተዋሰ። ወረቀት ቆራርጦ፣ በየብጣሹ ላይ ዐረፍተ ነገር ሊጀምርባቸው የሚችላቸውን ቃላት ጻፈ። «በሌላ በኩል» አለ። «ይሁን እንጂ» አለ። «ምንም እንኳ»፣ «ከሁሉ በፊት»፣ «በድንገት»፣ ሌሎችም። ቆርቆሮውን ከድኖ ከሻከሻከው በኋላ፣ ለእያንዳንዱ ዐረፍተ ነገር አንድ ዕጣ እያወጣ ይጽፍ ጀመር። ፊቱ በርቷል። ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ ይህ እንዴት ሳይታየኝ ቀረ እያለ ነበር።

«አሁን ስሚ» አለ ሲጨርስ። በኺታ እጇን በመቀነቷ ጠርጋ ቀረበች፤ ሌላውም ጆሮውን አቆመ።

«በሌላ በኩል፣ ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ይሁን እንጂ ስሜ በኺታ ነው። ከሁሉ በፊት ባሌ ሞቷል። ምንም እንኳ ሻይ ብሸጥም ሻይ እሸጣለሁ። በድንገት አርባ ስድስት ዓመቴ ነው።»

ዛፉ ሥር ያለው ሰው በሳቅ ወደቀ። አንድ ሽማግሌ ሻዩ ትን ብሎት ጀርባውን ደበደቡት። በኺታም ሳቋ አመለጣት፤ ቀጥሎ ግን ሳቋን አቋርጣ፣ «ያቺ የመጨረሻዋስ እውነት ናት» አለች ቀስ ብላ። ኦሼክ ሰማት። ብጣሾቹን ወደ ቆርቆሮው መልሶ ከደነው።

ረቡዕ ጠዋት ሐምዳን ሌላ ምክር ይዞ መጣ። «መውላና ለችሎቱ ጸሐፊ ሲነግረው ሰምቻለሁ። ሁልጊዜ ራሱን አታስቀድም፤ አንዳንዴ ጭራውን አስቀድም አለው።»

«የምኑን ጭራ?»

«የዐረፍተ ነገሩን ነዋ!»

ኦሼክ ተቀመጠና ሁሉንም ገለባበጠው። «እሸጣለሁ ሻይ እኔ ከኒሙ ሥር። ሞተ ባሌ አንድ ቀን። ያፈናቅለኛል አጥሩ ወዮ።» ሐምዳን ሲያነበው ሳያስበው ዜማ ወጣለት፤ ሁለት ግመል ነጂዎች ማጨብጨብ ጀመሩ። በኺታ ወረቀቱን ነጥቃ ምድጃው ውስጥ ከተተችው።

«ይሄ ማመልከቻ ነው ወይስ ሠርግ? ነገ እኮ ሐሙስ ነው፣ ኦሼክ! ነገ ቀትር ላይ ምድጃዬን አንጠልጥዬ ከበሬ ጀርባ ልቀመጥ ነው። አንተ በዕጣና በዘፈን ትጫወታለህ።»

እንደ ወትሮዋ ኡስታዝ አላለችውም፤ ኦሼክ ብላ በስሙ ጠራችው። እሱም ጎኑን የተወጋ ያህል ተሰማው።

«እኔ አልችልም» አለ። «እውነቱን ልንገርሽ? ገመዱን ስፈታ ግመሎቹ የሚጠፉብኝ ይመስለኛል። ሼኽ ጣሂር እንዲህ ነው ያስተማረኝ።»

«ሼኽ ጣሂርን አላህ ይማረው» አለች በኺታ፣ ዱካዋን እየጎተተች ወደ ቀኝ በኩል ተሻግራ። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ያቺን ሦስት ክንድ ስትሻገር የመጀመሪያዋ ነው። «ግን ውሃ የሸተተው ግመል ገመድ ምን ያደርግለታል? በል እስክሪብቶህን ያዝ። እኔ እናገራለሁ፣ አንተ ትጽፋለህ። የምናገረውን ብቻ።»

በቀኝ እጇ የሻይ ማንኪያዋን ይዛለች። ማንበብ አትችልም፤ ያቺን ቃል ግን በመልኳ ታውቃታለች፣ ከጎኑ ተቀምጣ ስታያት ነው የኖረችው። ኦሼክ ከልማዱ የተነሳ ገና ሲጀምራት ጧ! ማንኪያው ጣቱ ላይ አረፈ።

«ኧረ ባክሽ!»

«ደግሞ ጻፋትና እይ።»

ደግሞ ጻፋት። ደግሞ ጧ! እስከ አራተኛው መስመር ድረስ ሦስት ጊዜ ተመታ። ከዚያ በኋላ እጁ እየፈራ፣ ጆሮው እየነቃ ሄደ። በኺታ ስትናገር አንዱን ታሳጥራለች፣ አንዱን ታስረዝማለች። አንዳንዴ ትጠይቃለች። አንዳንዴ ነገሩን ከመካከሉ ትይዘውና ወደ መጀመሪያው ትመለሳለች፤ ማንም ግን አይጠፋበትም። ስትናደድ ቃላቷ ያጥራሉ፤ ባሏን ስታነሳ ትዘገያለች። ኦሼክ ሰው ሁሉ እንዲህ እንደሚናገር ያውቅ ነበር፤ ራሱም እንዲህ ነው የሚናገረው። ስንቱ ሰው እፊቱ ተቀምጦ እያለቀሰ፣ እየሳቀ፣ እየተሳደበ ነግሮታል፤ እሱ ግን ሁሉንም በአንድ ገመድ አስሮ ነው የላከው። ይህን ሲያስብ ከጣቱ ይልቅ ልቡን አመመው።

«አለቀ?» አለች መጨረሻ ላይ።

«አላለቀም። ምን እንደምትፈልጊ አልተናገርሽም።»

«ታዲያ ጻፈዋ!»

ኦሼክ ቀና ብሎ አያት። «አንዲት ትፈቀድልኝ።»

«የቷ?» አለች፣ ማንኪያውን አንስታ።

«ያቺው። አንድ ጊዜ ብቻ። እዚህ መጨረሻ ላይ።»

በኺታ ወረቀቱን አየች፣ እጁን አየች፣ ማንኪያውንም አየች። ከዚያ ማንኪያውን አወረደች። «አንድ ጊዜ» አለች። «ሁለት ከሆነች ግን ጣትህ የለም።»

ሐሙስ ጠዋት ችሎቱ ጢም ብሎ ሞላ። ግማሹ ሰው ጉዳይ የለውም፤ ኡስታዝ ስለሆነም ሲዋረድ ለማየት ነው የመጣው። መውላና ሲር አልኸቲም ወረቀቱን ሲቀበል ፊርማውን አይቶ ቃሰተ። ቀይ እስክሪብቶውን ከፈተ፤ ትራስ የሚፈልግ ይመስል ወንበሩ ላይ ተመቻቸ። ከዚያ ጮክ ብሎ ማንበብ ጀመረ፦

«መውላና፣ ሰላም ለእርስዎ ይሁን። በኺታ እባላለሁ። ሻይዎን በሁለት ማንኪያ ስኳር የማፈላልዎት ነኝ፤ ሐኪም ከልክሎኛል ቢሉም፣ ሐምዳን ሦስተኛዋን ጨምሪ እያለ ይመጣል።»

ሐምዳን ጣሪያውን ማየት ጀመረ። ሰው ተንሾካሾከ። ዳኛው ከመነጽሩ በላይ ሐምዳንን አየውና ቀጠለ።

«ባሌ ሲሞት ይህ ዛፍ ከወገቤ አይበልጥም ነበር። ማን አጠጣው? ብርጭቆ ያጠብኩበትን ውሃ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ከሥሩ ስደፋ የኖርኩት እኔ ነኝ። ስኳር የለመደ ኒም አይተው ያውቃሉ? እዚህ ችሎት ፍቺ ፈልገው የመጡ ስንት ባልና ሚስት፣ ተራ ሲጠብቁ ጥላው ሥር ተቀምጠው፣ አንዱ ብርጭቆ ለሁለት ሆኖባቸው፣ ሳይታሰብ ታርቀው ወደ ቤታቸው ሄደዋል! ሥራዎን አቅልዬልዎታለሁ። ምስጋና አልጠየቅሁም። ከከብት ገበያው ጀርባ ግን የሚታረቅ የለም፤ በሬ ከበሬ ቢጣላም እኔን አይሰማኝም። ዝንብ ሻይ አይገዛም። ስለሆነም ዛፉንና እኔን አይለያዩን።»

ዳኛው አቆመ። ቀይ እስክሪብቶው ክፍት እንደሆነ እጁ ላይ ቀርቷል። መነጽሩን አወለቀና የመጨረሻዋን መስመር ለራሱ ደግሞ አነበባት።

«ይቺ ቃል» አለ፣ «ይቺ 'ስለሆነም' የምትለዋ። እንዲህ ያለች ከባድ ቃል እስከ ዛሬ የት ነበረች?»

ሐምዳን ሳያስበው፣ «መውላና፣ በየመስመሩ ነበረች እኮ» አለ።

«አላየኋትም ነበር» አለ ዳኛው።

ኦሼክ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። ሃያ ስምንት ዓመት የለፋባትን ቃል አንድ ሰው አየለት። ዓይኑን በሰደርያው ጫፍ ጠረገ፤ አቧራ ነው አለ፣ ማንም ሳይጠይቀው።

መውላና ቀዩን እስክሪብቶ ከድኖ በሰማያዊው ጻፈ፦ አጥሩ ዛፉ ዘንድ ሲደርስ ይታጠፍ፤ በኺታ ባለችበት ትቆይ። ከዚያ ሐምዳንን ጠራውና፣ «ከዛሬ ጀምሮ ስኳሩ ሁለት ነው» አለው። «እሱን ግን አትጻፈው።»

ዛሬም ድረስ ያ አጥር ኒሙ ጋ ሲደርስ ጉልበቱ እንደታጠፈ ሽማግሌ ይጎብጣል። የማያውቅ እንግዳ፣ አናጺው ሰክሮ ነበር እንዴ ይላል።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ኦሼክ ግን ዓርብን ሙሉ ሲቁነጠነጥ ዋለ። ቅዳሜ ጠዋት ጎፈሬውን ቅቤ ቀብቶ፣ ሰደርያውን አራግፎ መጣና ሦስቷን ክንድ ተሻገረ። አንድ የታጠፈ ወረቀት ከበኺታ ምድጃ አጠገብ አኖረ።

«ምንድን ነው?» አለች።

«ማመልከቻ ነው።»

«የማን?»

«የእኔ።»

«ለማን?»

«ለአንቺ።»

በኺታ ወረቀቱን በሁለት ጣቷ አነሳችው። ሐምዳን ዘላብያውን እንደያዘ ቀረበ፤ ባለጉዳዮቹም አንገታቸውን አሰገጉ። «አንብብልኝ» አለችው። ሐምዳን ወረቀቱን ዘረጋ፣ አየ፣ ገልብጦ ጀርባውን አየ፣ እንደገና ፊቱን አየ።

«'ስለሆነም አግቢኝ' ይላል።»

«ሌላስ?»

«ሌላ የለም። ይሄው ነው።»

ዛፉ ሥር ሳቅ ፈነዳ። «አገረሸበት!» አለ አንዱ። «ምስኪን፣ ሁለት ቀን እንኳ አልቆየም!» አለ ሌላው። ያ ትን ያለው ሽማግሌ እንኳ፣ እንደ ኦኪር ጋሽን የሚሻገር ዘመድ ያላችሁ አስጠንቅቁ አለ። ኦሼክ ጆሮው እስኪቀላ ድረስ ቆሞ ሰማቸው። ግን አልሄደም።

በኺታ እጇን አንስታ ሰዉን ዝም አሰኘችው። «ስለሆነም?» አለች። «ስለምን ሆነም? እንዲህ ተጀምሮ ያውቃል? ከፊቱ ያለው ነገር የት ሄደ?»

«ከፊቱ ያለውን አሥራ አንድ ዓመት አብረን ጽፈነዋል» አለ ኦሼክ። «ጠዋት አንድ ብርጭቆ፣ ከሰዓት አንድ ብርጭቆ። አንድም መስመር አልረሳሁም። አሁን ሁሉንም ብደግመው ግን መውላና ይተኛል።»

ማንም አልሳቀም። በኺታ ምድጃውን ቆሰቆሰች፤ መቆስቆስ ግን አላስፈለገውም ነበር። ከዚያ ከኋላዋ የስኳር ቆርቆሮውን አወጣች፤ ያንኑ ኦሼክ ተውሶት የመለሰላትን። ብጣሾቹ ውስጡ እንዳሉ ናቸው፤ ስኳር አልጨመረችበትም። ከድና ሻከሻከችው፣ ከፈተችው፣ ዓይኗን ጨፍና አንዱን አወጣች። ለሐምዳን ሰጠችው።

«ምን ይላል?»

ሐምዳን ብጣሹን አየና ከንፈሩን ነከሰ። «'በድንገት' ይላል።»

በኺታ ሳቀች፤ እስኪያነባት ድረስ፣ መቀነቷን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች። ሲበርድላት ዓይኗን ጠረገችና ማንኪያዋን ወደ ኦሼክ ቀሰረችው።

«እንግዲያው ጻፍ፣ ኡስታዝ» አለች። «'በድንገት፣ እሺ' በል።»

ኦሼክ እስክሪብቶውን ለመንቀል እጁን ወደ ጎፈሬው ሰደደ። ያገኘው ግን በሦስተኛው ሙከራ ነው።